ግዙፉ ሴኮያ ጣርማበር ላይ፦ መብቀሉ ሌላ፣ መጥቀሙ ሌላ

ጥያቄ፦ «ከጣርማበር ነው የምጽፈው። አባቴ ባወረሰኝ ሁለት ጥማድ መሬት ላይ የነበረውን ባሕር ዛፍ ቆርጬ ሸጫለሁ። ምንጫችንን ስላደረቀብን ድጋሚ ባሕር ዛፍ መትከል አልፈልግም። በኢንተርኔት የአሜሪካውን ግዙፍ ሴኮያ አየሁ። ደጋ ይወዳል፣ ውርጭ አይነካውም፣ እሳት አይበግረውም፣ ውሃ አያደርቅም ይላሉ። እንግሊዝ አገር ተተክሎ ከማንኛውም ዛፍ በላይ ሆኗል። ውጭ ያለ ዘመዴ ዘሩን በፖስታ ሊልክልኝ ነው። 500 ችግኝ አፍልቼ በ20 ዓመት ጣውላ ማድረስ እችላለሁ? ጥቂቱን ደግሞ ለደብራችን ግቢ ልስጥ ብዬ ነበር። ምን ይመክሩኛል?»

500 ችግኝ አትትከል። መሬቱ መተዳደሪያህ ከሆነ ግማሽ ጥማድ እንኳ ለሴኮያ አትስጥ። ዛፉ ልብህን ከገዛው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ቤትህ አቅራቢያ፣ በጋ ላይ ውሃ ልታደርስለት በምትችልበት ቦታ ትከል። እሱም ዘሩ በሕጋዊ መንገድ ከገባ ነው። በፖስታ የሚመጣውን ነገር አስቁመው። የሰማኸው ሁሉ ውሸት ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምልህ። አብዛኛው ለካሊፎርኒያ ተራራ እውነት ነው። ያንተ መሬት ግን ጣርማበር ነው ያለው።

መጀመሪያ የትኛውን ዛፍ እንደፈለግህ እንለይ። ሴኮያ እየተባሉ የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። አንተ ያየኸው ግዙፉ ሴኮያ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ሴኮያዴንድሮን ጊጋንቴውም ይባላል። በአንድ ግንድ በሚይዘው እንጨት ብዛት የሚስተካከለው የለም። ጄኔራል ሸርማን የሚሉት ዝነኛው ዛፍ ቁመቱ 84 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሥሩ ዲያሜትሩ 11 ሜትር ይደርሳል፣ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። ሁለተኛው የባሕር ዳርቻው ሴኮያ ነው። እሱ ቀጠን ብሎ ይረዝማል፤ ከ115 ሜትር ያለፈ አለው። የሚኖረው ግን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ በጋውን ሙሉ ጉም በሚያረጥበው ምድር ነው። ሦስተኛው የቻይናው ሜታሴኮያ ሲሆን ቅጠሉን በየዓመቱ ያረግፋል። ሻጮች የአንዱን ፎቶ ለጥፈው የሌላውን ዘር ይልካሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሦስቱም ያልሆነ ነገር። ዘሩን አይተህ መለየት አትችልም። ችግኙ ከፍ ሲል ግን ትለየዋለህ። የግዙፉ ሴኮያ ቅጠል አጭርና ሹል ሆኖ ቅርንጫፉን ዙሪያውን ይለብሰዋል፤ በእጅህ ወደ ኋላ ስትዳብሰው ይወጋሃል። የባሕር ዳርቻው ቅጠል ጠፍጣፋ ሆኖ ግራና ቀኝ ይደረደራል። ሜታሴኮያም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት መውጣታቸው ነው።

ደጋ ይወዳል የሚለው እውነት ነው። የትውልድ ቦታው የካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ነው፣ በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ። በዓለም ላይ በራሱ የሚበቅለው እዚያ ብቻ ነው፤ በ70 ያህል የተበታተኑ ጫካዎች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ የጣርማበር አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ይዘላል። ስለዚህ ብርዱ ይስማማዋል ብለህ ብታስብ አይፈረድብህም። ጉዳዩ ያለው ብርዱ ከምን ጋር እንደሚመጣ ላይ ነው።

የዓመቱን የዝናብ ድምር ብቻ ብታይ ልትታለል ትችላለህ። ሴኮያ በሚኖርበት አገር በዓመት ከ900 እስከ 1,400 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ደብረ ብርሃን አካባቢም 900 ገደማ ነው። ብዙም አይራራቁም። የአወራረዱ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ አብዛኛው በቅዝቃዜው ወራት በበረዶ መልክ ይወርድና ተራራው ላይ ይከመራል። ሙቀቱ ሲመጣ በረዶው ቀስ እያለ ይቀልጥና አሸዋማውን ጥልቅ አፈር ለወራት ያጠጣዋል። ከላይ ዝናብ ባይኖርም ከታች እርጥበት አለ። ሴኮያ ደረቁን ወቅት የሚያልፈው በዚህ ነው። የእኛ ዝናብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ ጉድ ይወርድና አብዛኛው በጎርፍ ወደ ቆላ ይሄዳል። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ሰማዩ ይዘጋል። በልጉ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣም ያው እንደምታውቀው ነው። ሥሩ ገና ጥልቅ ያልገባ ችግኝ ከጥቅምት እስከ የካቲት ምን ጠጥቶ ይኑር?

አፈሩም አለ። መሬትህ ሜዳ ላይ ያለ መረሬ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ያቁርና የችግኙን ሥር ያፍናል። በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሰዋል። ሴኮያ ውሃ ይወዳል፣ የተኛ ውሃ ግን ይጠላል። ተዳፋት ላይ ያለ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ከሆነ ዕድል አለው።

አሁን ወደ ውርጩ። «ውርጭ አይነካውም» የሚለው ወሬ የመጣው ትልልቆቹ ዛፎች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚችሉ ነው። የሚችሉት ግን ለቅዝቃዜው ወራት ከተዘጋጁ በኋላ ነው። እዚያ ቀኑ እያጠረ፣ ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ እየበረታ ይመጣል። ዛፉ ማደጉን ያቆማል፣ ጫፉን ያጠነክራል፣ ያንቀላፋል። ሴራ ኔቫዳ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል አምስት ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። ሰሜን ሸዋ ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ኅዳር ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት አመዳይ መሬቱን ነጭ ያለብሰዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሶ ሙቀት ነው። ዛፉን የቅዝቃዜው ወራት መጣ ብሎ የሚነግረው ነገር የለም። እያደገ ባለበት፣ ጫፉ ገና ለጋ ሳለ ነው ውርጩ የሚይዘው።

በዚያ ላይ እዚያ ትንሹን ችግኝ የሚሸፍነው በረዶ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ በረዶ ሲከመርበት ሥሩ አካባቢ ያለው አፈር ብዙም አይቀዘቅዝም። እኛ ዘንድ ግን ችግኙ ራቁቱን ነው የሚያድረው። ሥሩ ያለበት የላይኛው አፈር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው ከቀዘቀዘና ከደረቀ አፈር ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ቡኒ ይለወጣል። ሰው ይህን ሲያይ «በሽታ ገባበት» ይላል። በሽታ አይደለም፤ ብርድና ጥም አብረው ስለመጡበት ነው። ጎረቤትህ ገብሱን ውርጭ ሲመታበት እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ገብስ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይዘራል።

ቆላውስ ብትለኝ፣ እሱን ጨርሶ እርሳው። ሸዋ ሮቢት ውሃ አለ ብለህ እዚያ ብትወስደው ሙቀቱ ያደክመዋል። በካሊፎርኒያ ራሱ ሞቃት በሆኑ ዝቅተኛ ቦታዎች ለጌጥ የተተከሉ ሴኮያዎች ቅርንጫፋቸው እየደረቀ የሚሞትበት በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለባቸው። ቦታው ያልተስማማው ዛፍ በመጀመሪያ የሚያጣው በሽታን የመቋቋም አቅሙን ነው።

የእንግሊዝን ነገር ያነሳኸው ደግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስተው እሱ ነውና። ዘሩ ብሪታንያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ባላባቶቹ ወደ ግቢያቸው በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ተከሉት። ስኮትላንድ ቤንሞር በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል በ1863 የተተከለው ረድፍ ዛሬም ቆሟል፣ ቁመታቸውም ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። እንዲያውም ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ ሴኮያና ዘመዶቹ ተደምረው ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በትውልድ ቦታው ያሉት ትልልቆቹ ግዙፍ ሴኮያዎች ደግሞ 80,000 ገደማ ናቸው። ታዲያ እዚያ ለምን ተሳካ? ብሪታንያ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ያረሰርሳል፣ ደረቅ የሚባል አምስት ወር የለም፣ የቀኑ ርዝመትም በግልጽ ይለዋወጣል። ዛፉ ከትውልድ ቦታው ወጥቶ መብቀሉ ብቻውን የትም ይበቅላል አያሰኝም። ደግሞ ልብ በል፤ እነዚያ ዛፎች ከ160 ዓመት በኋላ ነው እንዲህ የሆኑት። ብዙዎቹም ጫፋቸው በመብረቅ ተመቷል። ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚቆም ዛፍ ዕጣው ይኸው ነው፤ ጣርማበር አፋፍ ላይ መብረቁ እንዴት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

እሳት አይበግረውም ስለሚባለው። የትልቁ ዛፍ ልጥ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት ሊኖረው ይችላል፣ ሙጫም ብዙ የለውም፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ እሳት አይጎዳውም። እንዲያውም ያስፈልገዋል። ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ተዘግቶ እስከ 20 ዓመት ይቆያል። የእሳቱ ሙቀት ሲያደርቀው ይከፈትና ዘሩን ባዶ በሆነው አመድ ላይ ያዘንባል። ችግኙ የሚይዘው እንዲህ ባለ ንጹሕ አፈር ላይ ነው። ግን የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ሴኮያ ያ ሁሉ ልጥ የለውም፤ እረኛ ለሙቀት የለኮሰው እሳት ይበቃዋል። ትልልቆቹም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በተነሡት ከባድ ቃጠሎዎች ከጠቅላላው ከ13 እስከ 19 በመቶ እንደሞቱ ተገምቷል። ድርቁና የተከማቸው ማገዶ ተደምረው እሳቱን ከለመዱት በላይ አደረጉት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ጥያቄህ ውስጥ ዋናው እሱ ስለሆነ። በ20 ዓመት ጣውላ አይደርስም። በተስማማው አገር ሴኮያ ከተያዘ በኋላ በዓመት ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል፣ ከባሕር ዛፍ ጋር ግን አይወዳደርም። የሚያድግበትም መልክ ለአንተ ገበያ አይሆንም። ወጣቱ ሴኮያ ከሥሩ በጣም ይሰፋና ወደ ላይ ቶሎ ይቀጥናል፣ ቅርንጫፉም እስከ መሬት ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸጠው ምንድን ነው? አጠና፣ ማገር፣ ቋሚ፣ ወራጅ። ከሴኮያ አንዱንም አታወጣም። እንጨቱ ራሱ ቀላልና ለስላሳ ነው። የጥንቶቹ ዛፎች እንጨት ባይበሰብስም ተሰባሪ ነበር። ድሮ ሲቆርጧቸው መሬት ላይ ሲወድቁ ይፈረካከሱ ስለነበር ብዙው ለአጥር እንጨት ነው የዋለው። ደግሞም ትልቅ ሆኖ ከቆረጥከው ከጉቶው እንደ ባሕር ዛፍ መልሶ አያቆጠቁጥልህም። የእኛ ገበሬ ከባሕር ዛፍ ጋር የተጋባው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአምስት ስድስት ዓመት አጠና ይሆናል፣ ቆርጠህም ሌላ ይወጣል።

ውሃ አያደርቅም የሚለውን ማን እንደነገረህ አላውቅም፤ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሴኮያ በሙቀቱ ወቅት በቀን ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። በፍጥነት የሚያድግ ማንኛውም ዛፍ ውሃ ይፈልጋል። የባሕር ዛፍ ስም የጠፋው ብዙ ስለሚጠጣ ብቻ አይደለም፤ በጋ ላይም ሳያርፍ ስለሚጠጣና እኛም አጠጋግተን ምንጭ አፍ ላይ ስለምንተክለው ጭምር ነው። ምንጭህ ላይ 500 ሴኮያ ብትደረድር፣ ቢጸድቁ ኖሮ፣ ተመልሰህ ይህንኑ አቤቱታ ትጽፍልኝ ነበር።

ፖስታው ጋ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ዘር በኤንቨሎፕ ደብቆ ማስገባት ክልክል ነው። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ዘርና ችግኝ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ይህን እንደ ቢሮክራሲ አትቁጠረው። ሴኮያ ከሀበሻ ጥድና ከፈረንጅ ጥድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከእሱ ጋር የሚመጣ ተባይ ወይም ፈንገስ እዚህ ሲደርስ ዘመዶቹን ተሰልፈው ያገኛቸዋል። የፈረንጅ ጥድ አጥሮችን ያደረቀውን ክሻክሽ አስታውስ፤ ከውጭ የመጣ ነው። አዊ ላይ ደግሞ ገበሬው ከሰል እያከሰለ ኑሮውን የለወጠበትን፣ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር የዝገት በሽታ እንዴት እንደጎዳው ታይቷል። አንተ ለሁለት ጥማድ ብለህ የወፍ ዋሻን ደን ጥድ አደጋ ላይ መጣል የለብህም። በተለይ አፈር የያዘ ችግኝ ማንም ቢሰጥህ አትቀበል፤ ከዘሩ ይልቅ አደጋው እሱ ላይ ነው።

የውጭ ዛፍ ሁሉ ይቅር የሚል አቋም የለኝም። ዛፍ ከቦታ ቦታ መውሰድ ለሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ የተወሰደ ጥድ መናገሻ ላይ ተተከለ ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ባሕር ዛፉም በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ከውጭ መጥቶ ነው አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት። ሴኮያም ቢሆን ወራሪ ይሆናል ብዬ አልፈራም። ዘሩ እዚህ ግባ የማይባል ደቃቅ ነው፣ ያለ ባዶና እርጥብ አፈር አይይዝም፣ ሣር ካለ ተሸንፎ ይቀራል። ፍርሃቴ ችግኞችህ ቀስ እያሉ ሞተውብህ አሥር ዓመት መክሰርህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሦስቱን በሕጋዊ መንገድ አግኝተህ ትሞክራለህ እንበል። ዘሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ርዝመቱ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድረህ በእርጥብ አሸዋ ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል አቆየው። በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ከታች ነው። ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ዘርተህ እንዳይታይ ያህል ብቻ አልብሰው። ከአሥሩ ሦስት አራቱ ቢበቅል ተመስገን በል። ከበቀለ በኋላ የሚገድለው ከጥም ይልቅ ውሃ ማብዛት ነው፤ ጠዋት ቆሞ ያየኸው ቡቃያ ማታ ከአንገቱ ተሰብሮ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ፈንገስ ነው። ከላዩ አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ አጠጣ፣ አየር እንዲያገኝ አድርግ፣ ቀጥታ ፀሐይ አታስመታው።

ወደ መሬት የሚወርደው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ስትቀድ ሥሩን እይ። እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ ካገኘኸው ዘርጋው ወይም ጫፉን ቁረጠው፤ የተጠመጠመ ሥር ዛፉ ትልቅ ሲሆን ራሱን ያንቀዋል። ከመስከረም በኋላ ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሰው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ከጥቅምት እስከ ጥር በምሥራቅ በኩል የጠዋት ፀሐይ የሚከልል ዳስ ሥራለት። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ በዝግታ አፍስስ። ይህን ቢያንስ አራት አምስት በጋ ማድረግ አለብህ። ለሦስት ዛፍ ይቻላል። ለ500 ግን ማን ይቀዳል? ከበግም እንዲጠበቅ አጥርለት። ቦታው ከቤትህ ከ20 ሜትር ያላነሰ ይራቅ፣ ሥሩ ወደ ጎን ብዙ ይሄዳልና።

ሁለቱን ጥማድ እንዲህ አድርግበት። ከምንጩ ዙሪያ የባሕር ዛፉን ጉቶ ንቀልና ለማገዶ ሽጠው። መንቀል ካልቻልክ ልጡን እስከ አፈሩ ልጠህ የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ እየተከታተልክ ስበር። ባዶውን ቦታ ለሣርና ለጥቂት ኮሶ ተወው። ከምንጩ ርቆ ዳር ላይ ያለውን ግማሽ ጥማድ ግን ባሕር ዛፉ እንዲያቆጠቁጥ ፍቀድለት። እንደማትወደው ገብቶኛል። ግን ለልጆች ደብተር፣ ለቤት ጣሪያ ገንዘብ የሚሰጥህ ሌላ ዛፍ በአምስት ዓመት አታገኝም። በየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉ ቡቃያ ብቻ አስቀር፣ ሌላውን አውርድ።

ሌላ ግማሽ ጥማድ ላይ ትሪ ሉሰርን ትከል። ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይሁን። በሁለተኛው ዓመት ለበጎችህ መኖ ትቆርጣለህ፣ አበባው ለንብ ነው፣ አፈሩንም ያለማል። በቀረው መሬት የሀበሻ ጥድና ኮሶ አሰባጥረህ በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ትከል፤ አንድ ጥማድ ወደ 400 ችግኝ ይይዝልሃል። አፋፉ አጠገብ ከሆንክ ኮሶው ይብዛ። በመካከላቸው ለመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ትሪ ሉሰርን በረድፍ ብታስገባ ከውርጭ ይከልላቸዋል። ጥድ ዘገምተኛ ነው። ለአንተ ሳይሆን ለልጅህ ነው የሚደርሰው፤ ሴኮያም ቢሆን እንደዚያው ነበር። ልዩነቱ የጥድ እንጨት ምስጥ የማይደፍረው፣ ገዢው በር ድረስ የሚመጣለት መሆኑ ነው። ዘር ስትለቅም ጥድ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ መሆኑን አትርሳ። ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ያለባትን ፈልግ። ችግኝ ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ብትወስድ ድካሙ ይቀልልሃል።

አንድ ነገር ግን ከመትከልህ በፊት ተመልከት። የቀሩትን ጉቶዎች ልጥ ከሥሩ በቢላ አንሣና እይ። በልጡና በእንጨቱ መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነጭ ስስ ነገር ካገኘህ፣ እንጉዳይም እንጉዳይ ከሸተተህ፣ አርሚላሪያ የሚባል ሥር አበስባሽ ፈንገስ ነው። አገራችን ውስጥም በተለያዩ ዛፎች ላይ ታይቷል። ያንን ጉቶ ከነሥሩ አውጥተህ አቃጥለው፣ ቦታውንም ሁለት ሦስት ዓመት ገብስና ባቄላ እየዘራህ አሳርፈው።

ለደብሩ ግቢ ሴኮያ አትስጥ። ሥሩ የግንቡን መሠረት ይፈልጋል፣ ቁመቱ መብረቅ ይጠራል፣ በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ዲያቆንም አታገኝም። ወይራና ጥድ ስጥ። አሮጌ ጥድ ወድቆ ክፍት የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ይተከሉ፣ ከግንቡ 15 ሜትር ያህል ርቀው። ከመትከልህ በፊት አለቃውን አማክር። አጥሩ ሳይጠገን ችግኝ ብታስገባ የበዓል ቀን የሚመጣው ከብት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ገንዘብህን መጀመሪያ አጥሩ ላይ አውል።